ዶላሩ ገባ?

ከ2010 እስከ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ላኪ ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ዶክመንት ነበር። ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ፋይቶ (የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት)፣ የባንክ ፐርሚት፣ ከትራንዚተር ጋር መነታረክ፣ ጅቡቲ የቀረ ኮንቴይነር የት እንደደረሰ በስልክ ማሳደድ። የምንልከው ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ ነው። የድርጅቱን ባለቤት ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ጋሼ ጠዋት ሲገቡ ከእግዜር ሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

"ዶላሩ ገባ?"

ሰሊጡ እንዴት ነው ብለው አያውቁም። ሳምፕሉ በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድሯል። እያዩት ያልፋሉ። ይህን የማነሣው እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም። ደሞዛችንን አንድ ቀን አሳልፈው የማያውቁ፣ ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ግን ያቺ ጥያቄ፣ መንግሥት ላኪን ስለሚደግፍበት መንገድ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ የበለጠ አስተምራኛለች። ስለሷ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሳስብ ነበር።

በገባሁ በሦስተኛው ወር አንድ ኮንትራት ሳዘጋጅ ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። ከምርት ገበያ የገዛንበትን ዋጋ አውቀዋለሁ። የሸጥንበትንም ኮንትራቱ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ካልኩሌተሩን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። ኪሳራ ነው። ማበጠሪያው፣ ጆንያው፣ የመኪናው ኪራይ፣ የወደቡ ወጪ ሳይቆጠር ገና ኪሳራ። ዋጋ ተሳስቼ የጻፍኩ መስሎኝ ደንግጬ ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ጋሼ አዩትና "በሩን ዝጋው፣ ተቀመጥ" አሉኝ። ከዚያ አንድ የድሮ ፕሮፎርማ ገልብጠው በስክሪብቶ ይጽፉልኝ ጀመር።

ቁጥሮቹን ለማቅለል አጠጋግቼ ልንገራችሁ። አንድ ኮንቴይነር 19 ቶን ሰሊጥ ይይዛል እንበል፣ 190 ኩንታል ማለት ነው። ኩንታሉን በ4,000 ብር ብትገዛ 760,000 ብር አወጣህ። ውጭ ቶኑን በ1,350 ዶላር ብትሸጥ 25,650 ዶላር ታገኛለህ። ባንኩ ያኔ ዶላሩን በ27 ብር አካባቢ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ በብር 692,550 ይሆናል። ከ67,000 ብር በላይ ከሰርክ። እዚህ ላይ ቢቆም ማንም ጤነኛ ሰው ሰሊጥ አይልክም። ግን እዚህ ላይ አይቆምም። በዚያ ዶላር ጎማና መለዋወጫ ታስመጣለህ። ጎማው መርካቶ የሚሸጠው ዶላር 27 ብር እንደሆነ ታስቦ አይደለም፤ በ35 ብር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታስቦ ነው። በ35 ብታባዛው 897,750 ብር ይመጣል። ኪሳራህን ሸፍነህ ከ137,000 ብር በላይ ተረፈህ። የጎማው የራሱ ትርፍ ገና አልተነካም።

"ገባህ?" አሉኝ ጋሼ። "ሰሊጥ ለኔ የባንክ ወረፋ ማለፊያ ነው። ወረፋ ብጠብቅ ዓመት ይፈጅብኛል፣ ያኔም ይሰጡኛል ማለት አይደለም።"

እውነታቸውን ነው። ያኔ ባንክ ሄዶ የውጭ ምንዛሪ የጠየቀ አስመጪ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ላኪ ግን ካመጣው ዶላር ውስጥ ለራሱ የሚያስቀምጠው ድርሻ ነበረው። የቀረውም ወደ ብር እስኪለወጥ ድረስ 28 ቀን አለው። በ28 ቀን ውስጥ ጎማውን ማዘዝ ነው። ለዚህ ነው በየጠዋቱ "ዶላሩ ገባ?" የሚባለው። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ራት አልበላ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ኤክስፖርት ማለት የሠራኸውን ነገር ከሌላው በተሻለ ጥራት ወይም በተሻለ ዋጋ መሸጥ ነው ብለው ነበር ያስተማሩኝ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በደርግ ጊዜ ገበሬው በኮታ፣ ከላይ በተቆረጠ ዋጋ፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር። የቡናውም የቅባት እህሉም ኤክስፖርት በአብዛኛው በመንግሥት ኮርፖሬሽኖች እጅ ነበር። ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነው፣ ለሃያ ዓመት ገደማ ከዚያች ዋጋ ንቅንቅ አላለም። በ1982 ደርግ ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ኮታውን አነሣ። መንግሥት ተለወጠና በመስከረም 1985 ዶላር በአንዴ ወደ 5 ብር ወጣ። የግል ላኪ መጣ፣ ፈቃድ በሽ በሽ ሆነ። ጋሼም ያን ጊዜ ነው ከጎንደር መጥተው መርካቶ ትንሽ መጋዘን የተከራዩት። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። ያኔ ሰሊጥ የሚገዙት ሰሊጥ ለመሸጥ ነበር።

ግን ሽግግሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ ባይ ነኝ። እህሉ ነፃ ወጣ፤ ዶላሩ አልወጣም። ጨረታም ተሞከረ፣ በ1994 ደግሞ ባንኮች እርስ በርስ የሚገበያዩበት ሥርዓት ተጀመረ፤ ያም ሆኖ ዋጋው ዞሮ ዞሮ ከብሔራዊ ባንክ እጅ አልወጣም። የኑሮ ውድነቱ ሲሮጥ የባንኩ ተመን ኋላ ኋላ ያዘግማል። ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ። በጥቅምት 2010 ብር 15 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ፣ ለጥቂት ወራት ላኪው ተንፈስ አለ፣ ከዚያ ጥቁር ገበያው ተከትሎ ወጣና ወደነበርንበት ተመለስን።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ መንግሥት ላኪን ደገፈ። ድጋፉ የውሸት አልነበረም። ቀረጥ ተመላሽ አለ፣ በቀረጥ ክፍያ ፈንታ የሚያዝ ቫውቸር አለ፣ ለላኪ ብድር ዋስትና የሚሰጥ አሠራር አለ፣ የትርፍ ግብር እፎይታ አለ። በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 768 እኮ ሙሉ በሙሉ ስለ ቀረጥ ማበረታቻ ነው። ጥሬ ዕቃ ከውጭ ያለቀረጥ አስገብተህ ሠርተህ ላክ ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ትልቁ ድጋፍ አዋጅ ላይ አልተጻፈም። ትልቁ ድጋፍ ዶላሩ ራሱ ነበር። መንግሥት በተመኑ በኩል ከላኪው ይወስዳል፣ በወረፋው በኩል ይመልስለታል። ችግሩ የሚወስደው ከላኪ ሁሉ ሲሆን የሚመልሰው ግን ማስመጣት ለሚችል ላኪ ብቻ መሆኑ ላይ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ ነበር፣ ማር ይልካል። ማር ብቻ። የሚያስመጣው ነገር የለውም። ጎማ አይነግድ፣ ብረት አይነግድ። ዶላሩ ሲገባ በባንክ ዋጋ ተቀይሮ ብር ይሰጠዋል፣ በዚያው ብር ጣሳና ክዳን ሲገዛ ግን ሻጩ የሚያስከፍለው በጥቁር ገበያ ሒሳብ ነው። ሥራውን ይወዳል፣ ስለ ማር ሲያወራ አይጠገብም። ሦስት ዓመት ታግሎ ተወው። አሁን ራይድ ይነዳል። የኤክስፖርት ድጋፍ መጀመሪያ ሊደርሰው የሚገባው ሰው እሱ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ስለ ኮሪያ ሁሌ ይወራል። እኛ ቃኘው ሻለቃን የላክንላት አገር፣ ያኔ ከእኛ ብዙም የማትሻል ድሃ ነበረች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የእኛም መንግሥት ኤክስፖርትን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰብሳቢነት የሚመራ ብሔራዊ ኮሚቴ ሲያቋቁም ዓይኑ እዚያ ላይ ነበር። የኮሪያው ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በየወሩ ላኪና ሚኒስትር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ምን አገዳችሁ ይል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ኤክስፖርታቸው 100 ሚሊዮን ዶላር ሲሞላ ቀኑን የኤክስፖርት ቀን ብለው ሰየሙት። በ1977 ደግሞ 10 ቢሊዮን ደረሱ። ይሄን ሁሉም ያነሣል። የማይነሣው ክፍል ግን የእኔን ልብ የነካው ነው። ኮሪያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ልክ እንደኛ ኤክስፖርትን ከማስመጣት መብት ጋር አስራ ነበር። ከላክ ታስመጣለህ ነው ነገሩ። ነጋዴውም ከስሮ እየላከ በሚያስመጣው ያተርፍ ነበር። እነሱ ግን በዚያ ብዙ አልቆዩም። በ1964 አንድ ዶላር ከ130 ወደ 255 ዎን እንዲወጣ አደረጉ፣ ብዙውን ተመን ወደ አንድ አመጡ፣ ያንን የማስመጣት መብት ዋና ማበረታቻ መሆኑን አስቀሩት። ቀጥሎ የመጣው ድጋፍ መላክን ራሱን የሚያግዝ ነበር። የተረጋገጠ ኤል ሲ (የገዢው ባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ይዞ ለመጣ ላኪ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ርካሽ ብድር ወዲያው ይለቀቅለታል። ስብሰባውን ከነሱ ተማርን፤ ከስብሰባው በፊት ያደረጉትን አልተማርንም።

ስብሰባው ፋይዳ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። አበባው ምስክር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ አበባ ብሎ ኤክስፖርት አልነበረንም ማለት ይቻላል። አምራቾቹ መጥተው የሚያግዳቸውን አንድ በአንድ ተናገሩ። መሬት ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ሳይርቅ ተሰጣቸው፣ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ደብረ ዘይት፣ ዝዋይ። ልማት ባንክ ሠላሳ በመቶውን አምጡ ሰባውን እኔ እሸፍናለሁ አለ። ጽጌረዳ ፀሐይ ላይ ሰዓታት ከቆመች አለቀላት፣ ስለዚህ የአየር መንገዱ ጭነት ነገር ተነሣ፣ ማቀዝቀዣው ተነሣ፣ የኪሎው ዋጋ ተነሣ። እያንዳንዷ ችግር ባለቤት ነበራት። አሥር ዓመት ሳይሞላ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዘርፍ ሆነና በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣን። ብድሩን ያልመለሱም ነበሩ፣ ስለ ዝዋይ ውኃና ስለ ኬሚካሉ የሚነሣውም ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መሬቱ የተወሰደበት ገበሬም ታሪኩን የሚጽፍለት ያስፈልገዋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አበባ አምራች አበባውን ጎማ ለማስመጣት ብሎ አያመርትም። ግሪንሃውስ ተክሎ፣ ሺህ ሴት ቀጥሮ፣ ሆላንድ ጨረታ ላይ አበባዋ ጠውልጋ ብትገኝ የሚቃጠለው እሱ ነው። ስለዚህ የተሰጠው ድጋፍ አበባዋ ላይ ያርፋል።

ቆዳ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ልጅ ሆኜ የበዓል ማግስት ጠዋት የሚቀሰቅሰን "ቆዳ ያለው! ሌጦ ያለው!" የሚል ድምፅ ነበር። እናቴ የበጉን ሌጦ ጨው ነስንሳ አጥፋ ታስቀምጣለች። ሰውዬው ይመጣል፣ ይገልጠዋል፣ በእጁ እየዳበሰ ቢላ የነካውን ቦታ ይፈልጋል፣ ይከራከራሉ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ ይከራከራሉ። የምታገኛት ብር የበጉን ዋጋ ትንሽ ታካክስላታለች። በ2000 ዓ.ም. ጥሬ ቆዳና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ ተጣለበት፣ በ2004 ደግሞ ክረስት የሚባለው ደረጃ ላይ ያለውም፣ ማለትም ለፍቶ ደርቆ የመጨረሻው ማሳመሪያ ብቻ የቀረው፣ ተጨመረ። ዓላማው ግልጽ ነው። ጥሬውን አትላኩ፣ ያለቀለት ቆዳ፣ ጫማ፣ ጓንት አድርጋችሁ ላኩ ነው። ዓላማውን ዛሬም እደግፈዋለሁ። ግን ፋብሪካው ኬሚካል ለማስመጣት ዶላር ወረፋ ላይ ነው፣ በጉ ገና በሕይወት እያለ ቆዳውን እከክ ጎድቶታል፣ ያንን የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ገጠር የለም፣ ገዢው ደግሞ ጥቂት ፋብሪካ ብቻ ስለሆነ ዋጋው እንዳሻው ነው። ከአምስት ዓመቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በኋላ ከዘርፉ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ይጠበቅ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን ብዙም ሳይርቅ ቆይቶ ወደ ታች ወረደ። አሁን የፋሲካ ማግስት ሰፈራችን ውስጥ ሌጦ ገንዳ ላይ ተጥሎ ዝንብ ይወረዋል። የሚጠራም የለም፣ የሚገዛም የለም። እናቴ አንድ ዓመት ከልማዷ ጨው ነስንሳ አስቀምጣ ሦስት ቀን ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ራሴ ነኝ አውጥቼ የጣልኩት።

ወደ ሰሊጡና ቦሎቄው ልመለስ።

ናዝሬት መጋዘን ነበረን። በወር ሁለቴ እሄዳለሁ። ቦሎቄው ከስምጥ ሸለቆው በኩል ተጭኖ መጥቶ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ሰባ ሰማንያ የሚሆኑ ሴቶች በመስመር ተቀምጠው ይለቅማሉ። ፊታቸው ላይ ነጠላ አስረዋል፣ ለአቧራው። እያንዳንዷ ሰፌድ ይዛለች። እጃቸውን ማየት ነበር የምወደው። ድንጋይ፣ ግማሽ ፍሬ፣ ቀለሟ የተለወጠች፣ የተሸበሸበች፣ ሌላ ዝርያ የሆነች፤ ጣታቸው እየዘለለ ያወጣቸዋል፣ ዓይናቸው ወሬያቸው ላይ ነው። የሚከፈላቸው በኩንታል ነው። አለቃቸው የሆነች ሴት ነበረች፣ አሥራ አምስት ዓመት የለቀመች። አንድ ቀን አንድ እፍኝ አንሥታ አሳየችኝ።

"ይቺን አየሃት ልጄ? ከላይ ነጭ ናት። ገልብጣት፣ ሆዷ ላይ ቢጫ ነጥብ አላት። ይቺ ቆርቆሮ ውስጥ ስትገባ ታጠቁራለች። የድሮዎቹ ላኪዎች ይቺን ካየሁ አልከፍልም ነበር የሚሉት፣ ድገሙት ይሉናል። አሁን ማንም አይልም። ቶሎ ቶሎ በሉ፣ መኪና ቆሟል ብቻ ነው።"

ይሄ ነው እንግዲህ በቁጥር የማይታየው ጉዳት። ዶላር ለማግኘት ብቻ የሚልክ ሰው ጥራት ላይ የሚያጠፋው ሰዓት የለውም። እንዲያውም ጥራት ያዘገየዋል። የሁመራን ሰሊጥ እስራኤል ያሉ የጣሂና ፋብሪካዎች ለጣዕሙ ብለው ፈልገው የሚገዙት ነው። ነጭ ነው፣ ፍሬው ሞላ ያለ ነው፣ ሲፈጭ ይጣፍጣል። እንዲህ ዓይነት ስም ያለው ዕቃ ይዘህ ከሌላ ቦታ ከመጣ ጋር ቀላቅለህ፣ ከዓለም ዋጋ በታች ቸኩለህ ትሸጠዋለህ። ገዢው ሞኝ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ላኪ የዶላር ቀን ሲደርስበት ዋጋ እንደሚሰብር ያውቃል፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንድ የውጭ ገዢ ኢሜይል ላይ ዋጋችንን አይቶ "አትቸኩሉ፣ ሌላው ላኪያችሁ ነገ ከዚህ ይቀንስልኛል" ብሎ ሲጽፍልን አንብቤያለሁ። ቀነሰለትም።

ታማኝ ለመሆን፣ የመተማና የሁመራ ገበሬ በዚህ ሁሉ ሁልጊዜ ተጎጂ አልነበረም። አስመጪዎቹ ሰሊጥ ለመግዛት ሲሻሙ የአገር ውስጥ ዋጋ ይወጣል፣ ገበሬውም የተሻለ የሚሸጥበት ዓመት ነበር። ለረጅም ጊዜ ይሄ መከራከሪያ አሳምኖኝ ነበር። በኋላ አንድ የዘይት መጭመቂያ ያለው ዘመዳችን ኑግ መግዛት አቅቶት ማሽኑን ሸራ አልብሶ ሳይ ነው የተወኝ። ኑጉም ሰሊጡም ከዋጋው በላይ ተገዝቶ ከዋጋው በታች ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ከዚያ በዚያው ዶላር ፓልም ዘይት ይመጣል፣ እናቶቻችን ለዘይት ይሰለፋሉ። ደግሞም ጥሩ ሰሊጥ ላመጣ ገበሬ ጥሩ በመሆኑ ምክንያት የሚጨመርለት ሳንቲም ከሌለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይደክማል?

መንግሥት ነገሩን አላየም ማለት አይቻልም። ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ አወጣ፣ ኮንትራት አስመዝግቡ አለ፣ ከዋጋ በታች የሸጡትንና ውል ያፈረሱትን አገደ። እኔም ኮንትራት ለማስመዝገብ ስንት ቀን ተሰልፌያለሁ። ግን በወረቀት ዋጋ ከፍ አድርጎ በጓዳ ልዩነቱን መመለስ የሚያውቅ ነጋዴ ሞልቷል። በሽታው ተመኑ ላይ ነው፣ መርፌው የሚወጋው ኮንትራቱ ላይ። በ2014 ደግሞ ብሶበት ብሔራዊ ባንክ ከእያንዳንዱ የኤክስፖርት ዶላር 70 በመቶውን ለኔ አለ። 10 ለባንኩ፣ 20 ለላኪው። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለቀረጥ ገበያዋ ከሚያስገባው ዕድል፣ አስወጣች፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ትልቁ ስም የነበረው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም ለቆ ሄደ። ጋሼ የ70 በመቶውን መመሪያ ያነበቡ ዕለት ቢሮ ውስጥ ብቻቸውን ብዙ ተቀመጡ። በወሩ ሠራተኛ ቀነሱ። እኔም ከተቀነሱት አንዱ ነኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከአንድ ቀን በፊት 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። 70 በመቶ መረከቡ ቀረ፣ ላኪው ግማሹን ለራሱ እንዲያስቀምጥ ተፈቀደ። በዚያ ዓመት፣ ማለትም በ2017 በጀት ዓመት፣ ኤክስፖርቱ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፣ ከዓመት በፊት 4 ቢሊዮን እንኳ አልሞላም ነበር። ቡና ብቻውን ከ2.6 ቢሊዮን በላይ አመጣ። ቁጥሩን ሳይ ደስ ብሎኛል፣ ግን ሁሉንም እንደ ድል አልቆጥረውም። ትልቁን ጭማሪ ያመጣው ወርቅ ነው። ያ ወርቅ ድሮም ይቆፈር ነበር፤ ዋጋው ስላልተመቸው በድንበር ይወጣ የነበረው ብሔራዊ ባንክ ደጃፍ መጣ እንጂ ከሰማይ አልወረደም። የቡናም ዋጋ ዓለም ላይ ወጥቶ ነበር። በሌላ በኩል የደሞዝተኛው ኑሮ ምን እንደሆነ የምነግራችሁ አይደለም፣ ሁላችሁም ሱቅ ትሄዳላችሁ። እናቴ የጡረታዋን ብር ይዛ ስትቆጥር ሳይ፣ ይሄ ነገር ከሃያ ዓመት በፊት ቀስ በቀስ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሐምሌ እንዲህ አይወድቅብንም ነበር እላለሁ።

ባለፈው ጥር ጋሼ ደወሉልኝ። ሁለት ዓመት አልተገናኘንም።

"ናዝሬት ድረስ መጥተህ ሳምፕል ታይልኛለህ?" አሉኝ።

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ሄድኩ። ጎማ ማስመጣቱን ትተዋል፣ ድሮ የነበረው ትርፍ የለውም፣ ዶላር ማንም ባንክ ሄዶ ቢጠይቅ እንደ በፊቱ ዓመት አይጠብቅም። አሁን ከቦሎቄው ራሱ ማትረፍ አለባቸው። አንድ ገዢ ሳምፕሉን አይቶ መልሶባቸዋል፣ የቆሸሸ ፍሬ በዝቷል ብሎ። ጋሼ ከነሽበታቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፍሬውን አንድ በአንድ እየገለበጡ ያዩታል። ሆዷ ላይ ቢጫ ነጥብ ያለባትን አሳየኋቸው። ከማን እንደተማርኩትም ነገርኳቸው።

ግን ችግሩ አላለቀም። ምርት የሚገዛው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፣ በመኸሩ ወቅት ብድር ካላገኘህ ዓመቱ አለፈህ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ጣሪያ ተቀመጠባቸው፣ በኋላ ጣሪያው ከፍ እየተደረገ ቢመጣም ባንኩ ብድር ሲለቅ መጀመሪያ የሚያየው ትልልቁን ነው። ኮንትራት ይዘው፣ ገዢ ይዘው፣ ለዕቃው የሚሆን ብር የላቸውም። የኮሪያው ነገር ትዝ አለኝ፣ ኤል ሲ ላመጣ ሁሉ የሚለቀቀው ብድር። አሁን ነበር እንዲህ ዓይነት ድጋፍ የሚያስፈልገው። ተመኑ ተስተካክሎ ላኪው ጥራት ማየት በጀመረበት ሰዓት ብድሩ ጠፋ።

ጋሼ ከተቀመጠላቸው ዶላር ከለር ሶርተር ሊያስመጡ አስበዋል። ፍሬውን በካሜራ እያየ ቀለሟ የተበላሸችውን በአየር ተፍቶ የሚያወጣ ማሽን ነው። ፕሮፎርማውን እንዳየው ሰጡኝ። በሰዓት የሚለየው እነዚያ ሴቶች ቀን ሙሉ ከሚለቅሙት ይበልጣል።

ልወጣ ስል የለቃሚዎቹ አለቃ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስለ ማሽኑ ሰምታለች። አሁን በመስመሩ ላይ የቀሩት አርባ አይሞሉም። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደችና "ያው እናንተ ወረቀቱን ታውቁታላችሁ" አለችኝ። "ማሽኑ መቼ ነው የሚገባው?"

በሦስት ወር ውስጥ ሊገባ ይችላል አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ወደ ሰፌዷ ተመለሰች።